ጎቱ ኮላ ስለሚባለው ቅጠልና ስለ መድኀኒት ልክ



ሰው በሜዳና በዱር የሚበቅለውን ቅጠል ለመድኀኒት ማድረግ የጀመረው ዛሬ አይደለም። በየአገሩ አባት ለልጁ፥ መምህር ለደቀ መዝሙሩ ሲያስተላልፈው የኖረ ዕውቀት አለ። ይህ ዕውቀት የሚናቅ አይደለም፤ ዳሩ ግን ሳይመረመር የሚታመንም አይደለም። አንድ ቅጠል የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ማወቅ ብዙ ሰው ከጉዳት ያድናል። ለዚህም ነገር ታሪኩ በስሪላንካ፥ በሞሪሸስና በማዳጋስካር የሆነ አንድ ትንሽ ቅጠል መልካም ምሳሌ ይሆናል።

ይህን ቅጠል የስሪላንካ ሰዎች ጎቱ ኮላ፥ የማዳጋስካር ሰዎች ታላፔትራካ ይሉታል። የስዊድን ሊቅ ካርል ሊኔዎስ በ1753 ዓመት የአትክልትን ስም በጻፈበት መጽሐፍ ውስጥ አስገብቶታል፤ ይህም ዓመት፥ ከዚህ በታች የሚነገረውም ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። የዛሬ ሊቃውንት ሴንቴላ አዚያቲካ ብለው ይጠሩታል። ከድምብላል፥ ከእንስላልና ከካሮት ጋራ አንድ ወገን ነው። ውሃ በማይለየው ምድር እንደ ሰርዶ እየተሳበ ይሄዳል፤ አንጓውም መሬት በነካበት ሁሉ ሥር ይሰዳል። ቅጠሉ በቀጭን ዘንግ ላይ የቆመ፥ ቅርጹ ኵላሊት የሚመስል፥ ጠርዙም ዙሪያውን ጥቂት ጥቂት የተከረከመ ነው። የስሪላንካ ሰዎች በደቃቁ ከትፈው ከኮኮናት ጋራ ለውሰው ከሩዝ ጋራ ይበሉታል፤ ጭማቂውንም ከሩዝ ጋራ እንደ አጥሚት አድርገው በማለዳ ይጠጡታል። በሕንድም አገር የጥንት ባለ መድኀኒቶች ለቍስልና ለቈዳ ሕመም ሲያደርጉት ኖረዋል።

የአውሮፓ ሐኪሞች ይህን ቅጠል ከልብ መመርመር የጀመሩት በሥጋ ደዌ ምክንያት ነው። በዚያ ዘመን ለሥጋ ደዌ የሚያድን መድኀኒት አልነበረም። በ1852 ዓመት በሞሪሸስ ደሴት ቧሎ የሚባል ሐኪም ቅጠሉን ለዚሁ ደዌ ሞከረው። ከዚያም በ1941 ዓመት አዚያቲኮሲድ የተባለው ንጥረ ነገር ከቅጠሉ ተለይቶ ወጣ። በማዳጋስካርም ፒየር ቧቶ የሚባል ፈረንሳዊና አልበርት ራኮቶ ራትሲማማንጋ የሚባል የአገሩ ተወላጅ ሊቅ ነገሩን አጥብቀው መረመሩ። ለብዙ ጊዜ አልጠግግ ያለ ቍስል በዚህ መድኀኒት እየጠበበ ሲሄድ ታየ።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። የሰው ቈዳ ሲቈስል ገላው ራሱ አዲስ ሥጋ ይሠራል። ለዚህም ሥራ ኮላጅን የሚባል እንደ ክር ያለ ነገር ያስፈልገዋል፤ ክሩ ሲበዛና ሲጠላለፍ ቍስሉ ይያያዛል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው አዚያቲኮሲድ ይህን ክር የሚፈትሉትን የገላ ሕዋሳት ያነቃቃል። እንግዲህ የጥንት ሰዎች ቅጠሉ ቍስል ያደርቃል ማለታቸው ከንቱ ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው የሚነገርለት ጥቅም ለደም ዝውውር ነው። ደም ከልብ ወጥቶ ወደ እግር ሲሄድ ቍልቍለት ነው፤ ሲመለስ ግን ዳገት ይሆንበታል። ተመልሶ እንዳይወርድ በደም መላሽ ሥሮች ውስጥ ትንንሽ በሮች አሉ፤ የባትም ሥጋ በተንቀሳቀሰ ቍጥር ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። እንደ መምህር ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል ሰው እነዚህ በሮች የላሉበት እንደሆነ ደም በእግሩ ይጠራቀማል፤ ማታ ቍርጭምጭሚቱ ያብጣል፥ ሥሩ ይገተራል፥ ዘመኑም ሲረዝም ቈዳው ይጠቍርና ይቈስላል። ከጎቱ ኮላ ተጨምቆና ተመጥኖ የተሠራ መድኀኒት ለእንደዚህ ያለ ሕመምተኛ ሲሰጥ እብጠቱና የእግሩ መክበድ እንደቀነሰ የሚያሳዩ ምርመራዎች አሉ። ምርመራዎቹ ግን በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረጉ ስለሆኑ ነገሩ ፈጽሞ ተረጋገጠ አይባልም። መራመድ፥ እግርን ከፍ አድርጎ ማረፍ፥ ሐኪም እንዳሳየው ባትን በጨርቅ መጠቅለል ከቅጠሉ ይልቅ የታመነ ነው።

ደግሞም የእግር እብጠት ሁሉ ከደም ሥር የመጣ አይደለም። በኢትዮጵያ ደጋ ከእሳተ ገሞራ በመጣ ቀይ አፈር ላይ ዘመኑን ሁሉ በባዶ እግሩ ከሚሄደው ገበሬ አንዳንዱን ዝሆኔ ይይዘዋል። ከአፈሩ በቈዳ የሚገባው ደቃቅ ነገር የገላን ፈሳሽ የሚመልሰውን መንገድ ያበላሽበታልና። ለዚህ የሚረዳው ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በውሃና በሳሙና መታጠብ እንጂ ቅጠል መጠጣት አይደለም።

ቅጠል ሁሉ ጉዳት የለውም የሚልም ሰው ይሳሳታል። ጎቱ ኮላን ከ20 እስከ 60 ቀን የዋጡ ሦስት ሴቶች ጉበታቸው ታሞ ዐይናቸው ቢጫ እንደሆነ በ2005 ዓመት በሐኪሞች መጽሔት ተጽፏል፤ መዋጡን ሲተዉ ተሻላቸው። ለእርጉዝ ሴትና ጉበቱን ለታመመ ሰው አይገባም። መልኩ የሚመስለው ሌላ ቅጠል ብዙ ስለሆነ ማንም ከረግረግ ነቅሎ ለልጁ ሊያጠጣ አይገባውም።

አሁን ነገሩ ወደ ሥጋ ደዌ ይመለሳል። የኖርዌዩ ሐኪም አርማወር ሀንሰን በ1873 ዓመት የዚህን ደዌ ተሕዋስያን አገኘ። እነርሱ የሚኖሩት በቈዳ ውስጥና ነርቭ በሚባለው፥ ሕመምን በሚያሳውቀው ጅማት ውስጥ ነው። ሕመም የገላ ዘበኛ ነው። ዘበኛው የሞተበት ሰው የጋለ ምጣድ ሲነካ አይሰማውም፤ እሾህ እግሩ ውስጥ ገብቶ ይውላል፥ ያድራልም። ጣቱ የሚያጥረው ሳይሰማው የቈሰለው ቍስል እየመረቀዘ ስለሚያበላሸው ነው።

እንግዲህ ቅጠሉ የቈሰለውን ቈዳ ሊያስጠግግ ይችላል፤ በጅማቱ ውስጥ የተቀመጠውን ደዌ ግን ሊነቅል አይችልም። ቍስሉ ሲጠግግ ዘመድ ሁሉ ዳነ ብሎ ደስ ይለዋል፤ ደዌው ግን ውስጥ ለውስጥ ሥራውን ይሠራል። የሞሪሸስና የማዳጋስካር ሰዎች ተስፋ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ደዌውን የሚነቅለው መድኀኒት ከሌላ ወገን መጣ። በ1981 ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ሪፋምፒሲን፥ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን የሚባሉት መድኀኒቶች ተባብረው እንዲሰጡ መከረ። ዛሬ ደዌው ጥቂት ለሆነበት ሰው 6 ወር፥ ለበዛበትም 12 ወር መውሰድ ይበቃዋል። ከ1995 ጀምሮም መድኀኒቱ ለሕመምተኛ ያለ ዋጋ ይሰጣል። በአዲስ አበባ በዘነበወርቅ ሰፈር በ1965 ዓመት የተቋቋመው አለርት ለዚህ ደዌ ሕክምናና ትምህርት ሲያገለግል ኖሯል።

ነገር ግን መድኀኒቱ የሞተውን ጅማት አያስነሣም። ስለዚህ ጊዜ ከሁሉ ይበልጣል። አንድ አባት በልጁ ክንድ ላይ ነጣ ወይም ቀላ ያለ ምልክት አየ እንበል። ምልክቱ አያሳክክም፥ አያምም፤ አባትየውም የማያም ነገር ምን ይጎዳል ብሎ ቅጠል እየቀባ አንድ ዓመት ሁለት ዓመት ያሳልፋል። የሚያስፈራው ግን ያ አለማመሙ ነው። ልጁ በዚያ ዓመት ጣቱን ማጠፍ ሊሳነው ይችላል፤ ከዚያም ወዲያ የሚሰጠው መድኀኒት ደዌውን ቢያጠፋ ጣቱን አይመልስለትም።

መምህር በየቀኑ የልጆችን ገላ ያያል። እንዲህ ያለ ምልክት ያየ እንደሆነ ልጁን በጓደኞቹ ፊት ሳያሳፍር ለብቻው ይጥራው፤ ዐይኑን አስጨፍኖ ምልክቱን በጥጥ ጫፍ ቀስ ብሎ ይንካው፥ የተነካበትንም ቦታ በጣቱ እንዲያሳይ ይጠይቀው። ልጁ ካልተሰማው መምህሩ ሳይውል ሳያድር ለወላጆቹ ነግሮ ወደ ጤና ጣቢያ ይላከው። ምልክቱ ሌላ ነገር ሆኖ ቢገኝ የባከነው የአንድ ቀን መንገድ ብቻ ነው።

የሽማግሌዎችም ሥራ ከዚህ አያንስም። ሥጋ ደዌ ከዘር የሚወረስ ርግማን እንዳልሆነ፥ መድኀኒቱንም የጀመረ ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ ደዌውን ለሌላ ማስተላለፉን እንደሚያቆም ለሕዝቡ ማስረዳት ይገባቸዋል። ሰው የሚሸሸግ ስድብን ፈርቶ ነውና፥ በለቅሶና በሰርግ ቦታ ሕመምተኛውን አጠገባቸው ቢያስቀምጡ ከብዙ ምክር ይበልጣል። ቅጠል ለሚያውቅ ባለ መድኀኒትም በአክብሮት እንዲህ ይበሉት፤ የሚያስጠግገውን ቍስል ያስጥግግ፥ የማይሰማውን ምልክት ግን ወደ ሐኪም ይስደድ። እንዲህ ካደረገ የአባቶቹ ዕውቀት አይዋረድም፤ ልጁም ከነጣቱ ያድጋል።