ሁለት ዓርብ ብቻ



ከአገር ቤት ለሁለት ሳምንት የወንጌል አገልግሎት ወደ ጅቡቲ ከተማ የሚመጡ ወገኖቻችን መጀመሪያ የሚለምዱት የሳምንቱን ውሎ ነው። እዚህ የዕረፍት ቀን ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ እሑድ ሥራ ይገባል። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ከቀትር በኋላ ከተማው በሩን ዘግቶ ያርፋል። መርሐ ግብር የምንይዘውም ጠዋትና ማታ ነው።

በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ግን ማታ መውጣት አይችሉም። የምናገኛቸው ዓርብ ከሰዓት ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደግሞ ያለው ሁለት ዓርብ ብቻ ነው።

ስለዚህ እንግዶቻችንን አደራ የምንለው፣ ዓርብን በስብከት ብቻ እንዳትጨርሱት ነው። ቡና ይፈላ፤ ደመወዝ የተያዘባትን፣ ከኦቦክ ባሕር ተሻግራ የመን ለመግባት ያሰበችውን ቁጭ ብላችሁ ስሟት። ያ ባሕር ብዙ ወገኖቻችንን አስቀርቷል። ስትመለሱም፣ እርሷ ከፈቀደች፣ ጉዳይዋን ለእኛ አስረክቡን፤ እኛ እዚሁ ነን።