«ኳይት» ስለምትባለው የእንግሊዝኛ ቃል



የማኅበሩ ጸሐፊ በመጥሪያው ወረቀት ላይ የዛሬው ዲስኩር «በእንግሊዝኛ ልሳን መጠንን ስለሚገልጹ ተውሳከ ግሦች አገባብ» ነው ብለው ስለ አስታወቁ፥ ለግብዣው አመስግኜ ወደ ነገሩ እገባለሁ፤ ነገር ግን ብዙ ዘመን ሳስተምር ከሁሉ ይልቅ ያደከመችኝ «ኳይት» የምትባለው ቃል ስለ ሆነች፥ የቀሩት እኅቶቿ ቢቀየሙኝም ጊዜዬን ለእርሷ ብሰጥ ትፈቅዱልኛላችሁ።

ሥሯ በላቲን «ኵዊዬቱስ» ነው፤ ይኸውም ዕረፍት ያገኘ፥ ኋላም ከዕዳ ነጻ የወጣ ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ አውራጃ ሹማምንት ለንጉሡ ግምጃ ቤት ሒሳብ ሲያቀርቡ፥ ጸሐፊው በብራናው ጥቅል ላይ የገባውንና የቀረውን ከመዘገበ በኋላ፥ አንዲት ፔኒ ሳትጐድል የተከፈለ እንደ ሆነ በመጨረሻው «ኤት ኵዊዬቱስ ኤስት»፥ ማለት «ነጻም ነው» ብሎ ይጽፍ ነበር። (ከእናንተ መካከል የመንግሥት ሒሳብ ያስረከበ ሰው ቢኖር፥ የዚያን ሹም ደስታ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።) ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ እንግሊዝኛ ከገባ በኋላ «ፈጽሞ» የሚለውን ምሥጢር የያዘው ከዚሁ ከዕዳ መጥራት ነው፤ ሳሙኤል ጆንሰንም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት በዚሁ ፍች መዘገባት። ኋላ ግን በአሜሪካ «እጅግ» የሚል ሁለተኛ ፍች ተጨመረላት፤ በአንጻሩ በብሪታንያ ሰዎች አፍ እየቀለለች ሄዳ «በመጠኑ» ወደ ማለት ወረደች።

አንድ ደቀ መዝሙሬ ሎንዶን ሳለ፥ መምህሩ በድርሰቱ ኅዳግ «ኳይት ጉድ» ብለው ቢጽፉለት፥ ደስታውን የሚገልጽ ረጅም ደብዳቤ ላከልኝ፤ እኔም «ደኅና ነው፥ ይበቃል» ማለታቸው እንደ ሆነ እንዴት አድርጌ ልንገረው እያልሁ መልሱን አዘገየሁ።

ሰዓቱ ስለ ገሠገሠ አገባቧን በአጭሩ ልናገር፦ እንደ «ሙት» ወይም እንደ «የማይቻል» ያለ መበላለጥ የሌለበትን ቅጽል ስትቀድም ያችው ጥንታዊቷ «ፈጽሞ» ነች፤ አፍራሽ ቃል ሲቀድማት «ጥቂት ጐደለው» ማለት ትሆናለች፤ እንደ «መልካም» ያለውን ስትቀድም ግን እንግሊዛዊው ድምፁን በእርሷ ላይ ካጠነከረ ምስጋናውን መቀነሱ፥ በቅጽሉ ላይ ካጠነከረ ከፍ ማድረጉ ሲሆን፥ አሜሪካዊው አብዛኛውን ጊዜ «በጣም» ማለቱ ነው።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ ለተማሪዎቻችሁ «በጣም» ብላችሁ ብቻ ፈትታችሁ አትለፉ፤ ከመደሰታቸው አስቀድመው የደብዳቤውን ቴምብር እንዲያዩ ንገሯቸው።