የባሕር ጃርት አካልና ዕድገት፦ ከአንታሎ የኖራ ድንጋይ እስከ ጥልቁ ባሕር



ባሕር በሌለው አገር፣ ያውም እዚህ መካኒሳ ተቀምጦ ስለ ጥልቅ ባሕር እንስሳ መናገር እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በአካባቢያችን የሚቆሙት ሕንፃዎች የሚሠሩበት ሲሚንቶ ዋና ግብዓቱ የኖራ ድንጋይ ነው። የሙገር ሸለቆ የኖራ ድንጋይም በጁራሲክ ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት፣ የዛሬዋን ኢትዮጵያ ሰፊ ክፍል በሸፈነ ባሕር ወለል ላይ የተነጠፈ ነው። በመቀሌ ዙሪያ ያለውን ተመሳሳይ ድንጋይ፣ ወደ መቅደላ ከዘመተው የናፒየር ጦር ጋር የመጣው የሥነ ምድር ባለሙያ ዊልያም ብላንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ አንታሎ ብሎ ሰይሞታል። በዚህ ድንጋይ ውስጥ ከዛጎሎች ጋር የባሕር ጃርት ቅሪተ አካል ይገኛል።

ስሙ ጥቂት ያሳስታል። የየብሱ ጃርት እሾህ የጠነከረ ፀጉር ነው፤ የባሕሩ ግን በስስ ቆዳ የተሸፈነ ካልሳይት፣ ማለትም ከኖራ ድንጋዩ ጋር አንድ ዓይነት ማዕድን ነው። ከእሾሁ ሥር እንደ ቅል የከበበ ቅርፊት አለ። ቅርፊቱ ከብዙ ሰሌዳዎች የተጋጠመ ሲሆን፣ ቀዳዳ ያላቸውና የሌላቸው ረድፎች አምስት አምስት ሆነው ከአናት እስከ አፍ ይፈራረቃሉ። በቀዳዳዎቹ በኩል በውኃ ግፊት የሚንቀሳቀሱ ቱቦ እግሮች ይወጣሉ። ከታች አምስት ጥርሶች ያሉት፣ የአርስጣጣሊስ ፋኖስ የሚባለው መንጋጋ ይገኛል። እንስሳው ሲያድግ አዲስ ሰሌዳ የሚጨመረው በአናቱ ዙሪያ ነው። ስለዚህ ቅርፊቱን ከአፍ ወደ አናት የሚመለከት ሰው የዕድገቱን ቅደም ተከተል ያነባል፤ በቅሪተ አካል ላይ እንኳ።

በጥልቁ ባሕር ግን ሌላ ዓይነት አለ። እ.ኤ.አ. በ1869 ዋይቪል ቶምሰን ፖርኪዩፓይን በተባለች የእንግሊዝ መርከብ ላይ ሆኖ (የመርከቧ ስም ትርጉም ራሱ ጃርት ነው) ከጥልቁ ያወጣው የባሕር ጃርት ቅርፊት እንደሚተነፍስ ነገር ከፍ ዝቅ ሲል አይቶ ተገረመ። የእነዚህ ኤኪኖቱሪድ የተባሉት ጃርቶች ሰሌዳዎች በለስላሳ ሥጋ የተያያዙ እንጂ የተቆለፉ አይደሉም። ከውኃ ሲወጡ እንደ ቂጣ ይዘረጋሉ፤ ሲሞቱም ሰሌዳዎቻቸው ይበተናሉ።

ወደ ዕድገት ልለፍ። የአብዛኞቹ የባሕር ጃርቶች እንቁላልና የወንዴ ዘር ውኃ ውስጥ ይገናኛሉ። ኦስካር ኸርትቪግ እ.ኤ.አ. በ1876 የሁለቱን ኒውክሊየሶች መዋሐድ የገለጸው በዚህ እንስሳ ግልጽ እንቁላል ላይ ነው። ከ0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ እንቁላል ፕሉቴየስ የተባለ፣ ረጃጅም ክንዶች ያሉት እጭ ይወጣል። እጩ ሁለት ጎኑ ተመሳሳይ ሆኖ ደቃቅ እፅዋትን እየተመገበ ለሳምንታት ይንሳፈፋል፤ በግራ ጎኑ ውስጥ ግን ባለ አምስት ዘርፉ ጃርት እየተገነባ ነው። ወለል ሲያገኝ ያ የተደበቀው አካል በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ይገለበጥና የእጩ አካል ይቀራል። ስንት ዓመት አስተምሬው እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።

የኤኪኖቱሪድ እንቁላል በአንጻሩ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርሳል። ስብ ስለተሞላ ይንሳፈፋል፤ እጩም ሳይመገብ ያድጋል። ተማሪዎች ወዲያውኑ የሚሰጡኝ ምክንያት «ጥልቁ ጨለማና ምግብ የሌለበት ስለሆነ ስንቅ ይዞ መውጣት ግድ ነው» የሚል ነው። ያማረ መልስ ነው፤ ግን አይቆምም። አስፒዶዲያዴማ የተባለው የጥልቅ ባሕር ጃርት ትንሽ እንቁላል ይጥላል፤ እጩም ራሱን ይመግባል። በጃፓን ጥልቀት በሌለው ውኃ የሚኖረው አስቴኖሶማ ደግሞ የኤኪኖቱሪድ ዘመድ በመሆኑ ትልቅ እንቁላል አለው። ከጥልቀቱ ይልቅ የዘር ሐረጉ የበለጠ ይወስናል ማለት ነው።

ይህ ጥንቃቄ ለእኛም ድንጋይ ይሠራል። የአንታሎ ባሕር ጥልቅ አልነበረም፤ ጃርት ስላገኘን ብቻ ስለ ጥልቁ መናገር አንችልም። ቅርፊታቸው የሚበተነውን ዓይነቶች ባናገኝም አልነበሩም ማለት አይደለም፤ ነጠላ ሰሌዳና እሾህ በማጉያ መነፅር መፈለግ አለበት፤ ድንጋዩ ወደ ሲሚንቶ ወፍጮ ሳይገባ። የተገኘበት ንጣፍም መመዝገብ አለበት። እኔ በተማሪነቴ ከዓባይ ሸለቆ አንድ ምሉዕ ጃርት አንሥቼ ንጣፉን ሳልጽፍ በኪሴ ከተትኩት። ዛሬ በጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት ይጫናል። አናቱንና አፉን አሳይበታለሁ፤ ከየትኛው ንጣፍ እንደመጣ ግን ልነግራችሁ አልችልም።