ተስፋና ምርጫ፤ ከጎሬው ጳጳስ የምንማረው
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ፣ ከሞት በኋላ ሕይወት አለ ብሎ ማመን የሰውን ምርጫ ምን ያህል ይመራዋል የሚል ነው። ጉዳዩ ሰፊ ስለ ሆነ በባዶ ሐሳብ ከምንከራከር፣ እዚሁ በአጠገባችን በጎሬ የተፈጸመውን ይዘን ብንመረምረው ይሻላል።

ጎሬ ያን ጊዜ የኢሉባቦር ዋና ከተማ ነበረች። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ጊዜያዊው የኢትዮጵያ መንግሥት የተቀመጠው በዚችው ከተማ ነው። የአገሩ ጳጳስ አቡነ ሚካኤል ነበሩ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለ1600 ዓመት ያህል ጳጳስ ከግብጽ ስታስመጣ ኖራ፣ በ1921 ዓ.ም. ከገዛ ልጆችዋ አራት ጳጳሳት ሲሾሙላት አንዱ እሳቸው፣ የቀሩት አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ አብርሃምና አቡነ ይስሐቅ ነበሩ።

በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ አደባባይ በጥይት ተገደሉ። ጠላት ጳጳስ ከመግደል እንደማይመለስ ከዚያ ወዲህ ግልጽ ነበር። አቡነ ሚካኤል ግን ሕዝቡ ለጠላት እንዳይገዛ መምከራቸውን አልተዉም። ኢጣልያኖች በ1929 ዓ.ም. ጎሬን በያዙ ጊዜ እሳቸውንም ይዘው እዚያው ጎሬ ላይ ረሸኑዋቸው።

‹‹የሰማይን ሕይወት ተስፋ ለሚያደርግ መነኩሴ ሞት ምን ይከብደዋል?›› የሚል ከመካከላችን አይታጣም። ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ አራቱም አንድ መንገድ በሄዱ ነበር። አቡነ አብርሃም የተሾሙት በዚያው ዘመን፣ የሚደግሙትም ያንኑ ጸሎተ ሃይማኖት ነው። ነገር ግን ለኢጣልያ አገዛዝ ማደርን መረጡ፤ በ1930 ዓ.ም. ኢጣልያኖች የቤተ ክርስቲያን አለቃ አደረጉዋቸው። ምናልባት ሕዝቡን ከእልቂት አድናለሁ ብለው ይሆናል፤ ፍርዱን ለፈራጁ እንተወው። እኛ የምንማረው ይህን ነው፤ አንድ ዓይነት እምነት ሁለት ዓይነት ምርጫ አስከተለ። እንግዲህ እምነት በሰው ፈንታ አይመርጥም፤ የሚመርጠው ሰውዬው ራሱ ነው።

ጸሎተ ሃይማኖትን በግዕዝ የሚያውቅ አንድ ነገር ያስተውላል። ስለ እግዚአብሔር ሲናገር ‹‹እናምናለን›› ይላል፤ ወደ ሙታን ትንሣኤ ሲደርስ ግን ቃሉ ‹‹ተስፋ እናደርጋለን›› ወደሚለው ይለወጣል። ተስፋ በእጅ የተያዘ ነገር አይደለም። ጳጳሱም በጠመንጃ ፊት ሲቆሙ በእጃቸው የነበረው ይህ ተስፋ ብቻ ነው። ሥጋ መፍራቱን አይተውም፤ ስለዚህ የእሳቸውን ሞት ቀላል ነበር ማለት ዋጋውን ማሳነስ ነው።

ይህ ነገር ለክርስቲያን ብቻ የተነገረ አይምሰላችሁ። አኼራን የሚያስብ ሙስሊም ወንድማችንም ከዚሁ ምርጫ አያመልጥም። ከመቃብር ወዲያ ምንም የለም የሚል ጓደኛችንም ቢሆን፣ ዕድሜው አንዲት ብቻ ናትና በምን እንደሚያውላት መምረጥ አለበት።

ስለ ወዲያኛው ዓለም የሚሰጠው ተስፋ በሁለት መንገድ ሲነገር እንሰማለን። አንደኛው የተበደለውን ድኻ ‹‹በሰማይ ታገኘዋለህ፤ ዝም በል›› ይለዋል። ሁለተኛው የሚፈራውን ሰው ‹‹ሞት የመጨረሻው አይደለምና እውነቱን ተናገር›› ይለዋል። የመጀመሪያው ለበዳዩ ይመቻል፤ የጎሬው ጳጳስ የያዙት ሁለተኛውን ነው።

እኛን ጠመንጃ የሚደግንብን ዛሬ የለም ይሆናል። ነገር ግን በፈተና ክፍል፣ ነገም በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ስንቀመጥ፣ እውነት ተናግሮ መጐዳት ወይም ዝም ብሎ መጠቀም የሚባል ምርጫ ይጠብቀናል። ያን ጊዜ ተስፋችን መደበቂያ ነው ወይስ መቆሚያ? እያንዳንዳችን ለየራሳችን እንመልስ።