«ይገጥማል» እና «ይሠራል»፦ ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት

ዛሬ የማወራው ስለ ካሜራ ሌንስ ነው። ያገለገለ ዲጂታል ኤስኤልአር ካሜራ ይዛችሁ ሁለተኛ ሌንስ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ ይህ ክፍል ለእናንተ ነው። አማርኛዬ አንዳንድ ቦታ ከተደናቀፈ ይቅርታ አድርጉልኝ። የካሜራ ነገር የተማርኩት በዕብራይስጥ ነው፣ አማርኛ ደግሞ የቤት ቋንቋዬ ነው።

በገዛ ስህተቴ ልጀምር። ካሜራዬ ኒኮን ዲ3200 ነው፣ በ2012 የወጣ። አሮጌ ነው ግን ለተማሪ ይበቃል። አብሮት የመጣው ሌንስ ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር ያለው፣ ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ቀን ቀን ደህና ነው። ማታ አያቴ ቤት ቡና ሲፈላ ግን፣ በዚያ በአንድ አምፖል ብርሃን፣ የሚያወጣው ፎቶ ሁሉ የተንቀጠቀጠ ነው።

አያቴ ደግሞ አንድም ጥሩ ፎቶ የላቸውም። ያላቸው የመታወቂያው ብቻ ነው፣ እሱንም «እስረኛ ያስመስለኛል» ይሉታል። ስለዚህ ለስግድ ወደ ኢየሩሳሌም ስንወጣ፣ አርሞን ሃናጺቭ ታየለቱ ላይ፣ ነጭ ለብሰው ቄሶቹ ከጃንጥላው ስር ኦሪት ሲያነቡ ሲሰሙ፣ ያንን ፊት በደንብ ላወጣላቸው ቆረጥኩ። ለእንደዚህ ያለ ፎቶ 50 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ ጥሩ ነው ይባላል፣ እውነትም ነው። ያገለገለ በ350 ሸቀል አገኘሁ። ሻጩን «ለኒኮን ነው?» አልኩት። «አዎ፣ ለኒኮን ነው» አለኝ። አልዋሸኝም።

ቤት ስገባ ለአያቴ «ዓዳሻ ገዛሁ» አልኳቸው። እንደምታውቁት በዕብራይስጥ ሌንስም ምስርም ዓዳሻ ነው። «ስንት ኪሎ?» አሉኝ። ዋጋውን ስነግራቸው «አንተ ልጅ፣ በዚህ ዋጋ ምስር!» ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እስከ ዛሬ ቤተሰቡ «የምስሩ ነገር» እያለ ይስቅብኛል።

ሌንሱን የወሰድኩት በዋዜማው ማታ ነበር፣ ሳልሞክረው ተኛሁ። በነጋታው ታየለቱ ላይ ገጠምኩት፤ ቀጭ ብሎ ገባ። ካሜራውን ስከፍት ስክሪኑ ላይ ኤፍ፣ ኢ፣ ኢ የሚሉ ፊደሎች ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ አልተኩስም ይላል። አንድ የማላውቀው ልጅ አይቶ የሌንሱን ቀለበት እስከ መጨረሻው፣ 22 ላይ፣ አዞረልኝ። ፊደሎቹ ጠፉ። ከዚያ ቁልፉን በግማሽ ስጫን ምንም የለም። ሞተር አይሰማም፣ ሌንሱ አይንቀሳቀስም። አያቴ ከፊቴ ቆመዋል፣ ጸሎቱ እየሄደ ነው፣ እኔ በእጄ ቀለበት እያዞርኩ እገምታለሁ። አንድ መቶ ገደማ ፎቶ አነሳሁ። ማታ አያቴ «የታለ?» አሉኝ፣ በስልኬ አሳየኋቸው። ፊታቸው ደብዝዟል፣ ከኋላቸው ያለው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ትንሽ አዩትና «ጃንጥላው ጥሩ ወጥቷል» አሉኝ። ያቺ ንግግር አሁንም ሆዴ ውስጥ አለች።

እሺ፣ ምን ሆነ? የኒኮን ሌንስ መግጠሚያ፣ ኤፍ ማውንት የሚሉት፣ ከ1959 ጀምሮ ያለ ነው። ቅርጹ ብዙም ስላልተለወጠ የአያቶቻችን ዘመን ሌንስ ዛሬ ካለው ካሜራ ላይ ሊገባ ይችላል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ሌንስ ስለገባ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም። ፎከስ የሚያደርግ ሞተር ያስፈልጋል፤ ይህ ሞተር በድሮዎቹ የኒኮን አውቶፎከስ ሌንሶች ውስጥ የለም፣ ያለው ካሜራው ውስጥ ነው። ከካሜራው አፍ ላይ ትንሽ ብረት ወጥታ የሌንሱን ማርሽ ታዞራለች። አባቴ ካቻቢቴ የሚለውን የብሎን መፍቻ አስቡ፣ ልክ እንደሱ ነው የሚሠራው። ኒኮን በኋላ ትንንሽና ርካሽ ካሜራዎች ሲሠራ ያንን ሞተር አወጣው። በ2006 በወጣው ዲ40 ጀመረ፣ ከዚያ ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ በሙሉ እንደዚያ ናቸው። የኔም ከነሱ አንዱ ነው። ሞተር ያላቸው እነ ዲ90፣ ዲ7000፣ ዲ7100፣ ዲ7200፣ ዲ7500፣ ዲ750፣ ዲ850 ናቸው።

ስለዚህ ዲ3000 ወይም ዲ5000 ቤተሰብ ካላችሁ ሌንሱ ላይ ኤኤፍ ኤስ የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። እሱ ሞተሩን በራሱ ውስጥ ይዟል። ኤኤፍ ብቻ ተብሎ መጨረሻው ላይ ዲ ካለበት፣ እንደኔ ምስር ነው። ጽሑፉ ከጠፋ ሌንሱን ገልብጣችሁ ኋላውን እዩ። ብረቱ ቀለበት ላይ እንደ ብሎን ራስ የተሰነጠቀች ትንሽ ነገር ካለች፣ ያ ሌንስ የካሜራውን ሞተር ይጠብቃል። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ ቢነግረኝ ኖሮ አስር ሰከንድ ነበር የሚፈጀው።

ሌላም ወጥመድ አለ፣ ኤኤፍ ፒ የሚባለው አዲሱ ዓይነት። ሞተር አለው፣ ዋጋውም ጥሩ ነው፣ ታዲያ እንደ ዲ3200 እና ዲ5100 ባሉት ላይ በእጅ እንኳን ፎከስ አያደርግም፤ ቀለበቱ ራሱ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። እንግዲህ አሮጌው ሌንስ በእጅ ይሠራል፣ አዲሱ ጭራሽ አይሠራም። አስቂኝ ነው አይደል? «አዲስ ስለሆነ ይሻላል» የምትሉ ተጠንቀቁ።

ካነን ያላችሁ እዚህ ላይ ፈገግ ትላላችሁ። ካነን በ1987 ኢኤፍ የሚለውን መግጠሚያ ሲያወጣ ከመጀመሪያው ሞተሩን ሌንሱ ውስጥ አስገባ። ስለዚህ ማንኛውም ኢኤፍ ሌንስ በማንኛውም የካነን ዲጂታል ኤስኤልአር ላይ አውቶፎከስ ያደርጋል። የነሱ ጥያቄ ሌላ ነው። ኢኤፍ ኤስ የሚባለው፣ በ2003 የመጣው፣ ትንሽ ሴንሰር ላላቸው ካሜራዎች ብቻ ነው፤ ነጭ ካሬ ምልክት አለው። ኢኤፍ ቀይ ነጥብ አለው። ካሜራችሁ ላይ ነጭም ቀይም ካለ ሁለቱም ይገባሉ። ቀይ ብቻ ከሆነ፣ እንደ 6ዲ ወይም 5ዲ፣ ነጩ አይገባም፣ በግድ አትሞክሩ። አርኤፍ የሚባለው ደግሞ መስታወት ለሌላቸው ለአዲሶቹ ነው፣ ኤስኤልአር ላይ ፈጽሞ አይሆንም።

የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ «ካነን ሌንስህን ለሁለት ሰዓት አበድረኝ» ብሎ የጠየቀኝ ጓደኛ ነበር፤ እሱ ኒኮን እንዳለኝ አያውቅም። ቢያውቅም አዳፕተር ይኖራል ብሎ ያስባል። በእርግጥ የኒኮንን ሌንስ ካነን ላይ የሚያስገባ ቀለበት አለ፣ ፎከሱ በእጅ ይሆናል። የካነንን ኒኮን ላይ ግን ችግር ነው። ከመግጠሚያው እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት በኒኮን 46.5 ሚሊሜትር ነው፣ በካነን 44። የካነኑ ሌንስ ወደ ሴንሰሩ መቅረብ ይፈልጋል፣ የኒኮኑ አካል ግን ከፊቱ ይቆማል። በዚህች 2.5 ሚሊሜትር ምክንያት ሩቅ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል።

ሲግማ፣ ታምሮን፣ ቶኪና ጥሩ ሌንስ ይሠራሉ፤ አንዱን ሌንስ ለካነንም ለኒኮንም ስለሚያወጡት ስሙ አያሳስታችሁ፣ «ለየትኛው አካል?» በሉ። ሞተሩንም ጠይቁ። ቶኪና 11-16 ለኒኮን የመጀመሪያው ሞተር የለውም፣ ሁለተኛው አለው፣ በፎቶ ሲታዩ መንታ ናቸው።

ስለ ሚሊሜትሩም አንድ ነገር ልበል። ትንሽ ሴንሰር ባለው ኒኮን 50 ሚሊሜትር እንደ 75 ያያል፣ በካነን እንደ 80። ለፊት ፎቶ ደስ ይላል፣ ለሳሎናችን ግን ጠባብ ነው፤ ጀርባዬ ግድግዳውን ነክቶ አያቴን ከወገብ በላይ ብቻ ነው የማገኘው። ቤት ውስጥ ለማንሳት 35 ሚሊሜትሩ ይሻላል ባይ ነኝ።

ያገለገለ ስትገዙ ካሜራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ በሜሴጅ አትጨርሱ። ግጠሙት፣ ቁልፉን በግማሽ ተጫኑ፣ ቅርብም ሩቅም ፎከስ ይያዝ እንደሆነ እዩ። መስታወቱን በስልክ መብራት ከኋላ እያበራችሁ ተመልከቱ፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ባሕር ዳር ለምንኖር ሰዎች የታወቀ ነው። ሻጩ «ቸኩያለሁ» ካለ እናንተ አትቸኩሉ።

የኔን ሌንስ አልሸጥኩትም። ዲ3200 ላይ በመመልከቻው ውስጥ ከታች በኩል ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ አለች። በእጅ ስታዞሩ ፎከሱ ሲይዝ ትበራለች። በኤፍ 1.8 ከሁለት ሜትር ላይ ጥርት የሚለው ውፍረት አስር ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ አያቴ ትንሽ ከተነቃነቁ ዓይናቸው ከውስጡ ይወጣል። ኤፍ 4 ላይ ግን ወደ ሃያ አምስት ይሆናል። ስለዚህ በቀን፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጬ፣ ኤፍ 4 ላይ አድርጌ፣ ነጥቧን እየጠበቅኩ አነሳኋቸው። ዓይናቸው ቁልጭ ብሎ ወጣ። «ይሄ እኔ ነኝ» አሉ፣ ከዚያ «ነጠላዬን ለምን አላስተካከልክልኝም?» ብለው ተቆጡኝ።

ለዘንድሮ ስግድ ኤኤፍ ኤስ 35 ገዝቻለሁ። ከሳምንት በፊት ገጥሜ ሞክሬዋለሁ፣ ሞተሩ ይሰማል። ነጭ ልብስ ካሜራውን እንዴት እንደሚያታልልና የኛን ፊት እንደሚያጨልም በሚቀጥለው ክፍል አወራለሁ። ካሜራችሁን ጻፉልኝ፣ ሞዴሉን ከነቁጥሩ፣ «ኒኮን አለኝ» ብቻ እንዳትሉኝ። ሻሎም፣ ደህና ሁኑ።