ባንኮኒው የማነው?

እሷ፦ ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ፣ ፓይፕላይን ሰፈር ገብተህ ታውቃለህ? ፎቅ ከፎቅ ተጣብቆ በቀን መብራት የሚበራበት።

እሱ፦ እንዴታ! ወጥ ቤቱ ሁለት ክንድ ቢሆን ነው።

እሷ፦ እዚያ ነው እንግዲህ «ባንኮኒሽን ባዶ አድርጊ» የምትለኝ! ውሃው በፈረቃ ነው፤ ጀሪካኑን የት ላድርገው?

እሱ፦ ወለል ላይ። 20 ሊትር እኮ 20 ኪሎ ነው፤ ማን ስቀይው አለሽ? እኔን የሚያናድደኝ ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣው በርበሬና ሽሮ ምድጃው ጥግ መደርደሩ ነው። እንፋሎቱ ያጓጉለዋል፣ ሙቀቱ ቀለሙን ይበላዋል።

እሷ፦ እሱስ እውነት ነው። የኔ ሚጥሚጣ በማንኪያ አልዛቅ ብሎ በቢላ ፈልፍዬዋለሁ።

እሱ፦ ያ ሁሉ የጨርቅ ዘንቢልስ?

እሷ፦ ኬንያ በፈረንጆቹ 2017 ፌስታል ስትከለክል የመጣ ጣጣ ነዋ! በየገበያው አንድ እየገዛሁ አሥራ አንድ ደረሰ።

እሱ፦ በር ላይ ስቀያቸው። ባንኮኒውን ግን ማታ በሳሙና ጥረጊው፤ በረሮ ቅባትና ፍርፋሪ ነው የሚፈልገው።

እሷ፦ በረኪናስ?

እሱ፦ ከሳሙናው በኋላ፣ በውሃ አቅጥነሽ። ከአቼቶ ጋር እንዳትቀላቅይው፤ ጋዙ ያፍናል፤ መስኮትሽ ደግሞ የጎረቤት ግድግዳ ላይ ነው የሚከፈተው።