ዝገት ሌላ፤ መበላት ሌላ

(ስለ ተጣለ ሚሊንግ ማሽን አጸዳድና አነሣሥ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የአሮጌ ማሽን ነገር ነው። ከመካከላችሁ አንዳንዱ፣ ምሽቱን ለዝገት ከምንሰጠው ስለ ሌላ ከፍ ያለ ጉዳይ ብንወያይበት ይሻል ነበር ብሎ ሳያስብ አይቀርም። እኔ በበኩሌ በዚህ ዝገት ውስጥ ከፍ ያለ ጉዳይ አለ እላለሁ። ይኸውም፣ የተማረ ሰው ዕውቀቱን ወደ እጁ ማውረድ ይችላልን? የሚለው ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ማሽኑ ጥቂት ልበል። ሚሊንግ ማሽን የወርክሾፕ ሰዎች ፍሬዛ የሚሉት ነው። ቶርኖ የሚሠራውን ብረት ያሽከረክርና ስለቱን አቁሞ ይቆርጣል፤ ፍሬዛ ግን በተቃራኒው ስለቱን ያሽከረክርና ብረቱን በጠረጴዛው ላይ አስሮ ወደ ስለቱ ይነዳዋል። ጠፍጣፋ ፊት፣ ቀጥ ያለ ቦይ፣ የማርሽ ጥርስ የሚወጣው ከርሱ ነው። ጆሴፍ ብራውን የተባለው አሜሪካዊ በ1862 እ.ኤ.አ. ዩኒቨርሳል የሚባለውን ፍሬዛ ለገበያ ያወጣው፣ ሠራተኞች የመሰርሰሪያን ጠመዝማዛ ቦይ አንድ በአንድ በሞረድ ሲያወጡት ይፈጅ የነበረውን ጊዜና ድካም ለማስቀረት ነበር። በዓለም ወርክሾፖች እጅግ የታወቀው ቋሚ ፍሬዛ ብሪጅፖርት ደግሞ፣ ከስዊድን በሄዱ ሁለት ሰዎች፣ በሩዶልፍ ባኖውና በማግነስ ዋልስትሮም እጅ፣ በአሜሪካ በኮኔቲከት አገር ተሠርቶ ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተሽጧል። ዛሬም ያገለገለ ፍሬዛ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው እርሱን ስለ ሆነ፣ በንግግሬ ምሳሌ አደርገዋለሁ።

እንግዲህ ወደ ጉዳያችን እንግባ። አንድ ፍሬዛ ጣራው በሚያፈስ መጋዘን ጥግ ዐሥር ዓመት ከቆመ በኋላ ብታዩት መልኩ ቀይ ነው፤ መዘውሩ አይዞርም፤ አሮጌው ዘይት ከብረት ፍርፋሪ ጋራ ተጋግሮ ድንጋይ መስሏል። ያየው ሁሉ «ሞቷል» ይላል። ከዚያም በኪሎ ይመዘንና ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ይሸጣል። በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ዕቃ በኪሎ ሒሳብ ይሄዳል ማለት ነው።

ነገር ግን ዝገት ሌላ ነው፤ መበላት ሌላ ነው። ዝገት ከእርጥበት የሚመጣ፣ ብዙውን ጊዜ በብረቱ ፊት ላይ ብቻ የሚቀመጥ ነው። መበላት ግን ሁለት ብረቶች ለብዙ ዘመን ሲፋተጉ ልካቸውን ሲያጡ የሚደርስ ነው። ዝገት ያስፈራል እንጂ በላምባና በትዕግሥት ይለቃል፤ መበላት ግን ዓይንን አያስፈራም፤ አዲስ ቀለም በተቀባ ማሽን ውስጥም ተደብቆ ይኖራል። እንዲያውም ሌት ከቀን የሠራ ማሽን ሐዲዱ ሲያብረቀርቅ፣ ጥቂት ሠርቶ የተጣለው ይዝጋል። ስለዚህ በቀለም የሚፈርድ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ደኅናውን ጥሎ የተበላውን ይገዛል። ሥር ሰዶ ብረቱን የቦረቦረ ዝገት እንኳ፣ ጉድጓዶቹ ጥቂትና የተራራቁ ከሆኑ የቀረው ፊት ሸክሙን ሊሸከም ይችላል።

ታዲያ መበላቱን በምን እናውቃለን? በመለካት ነው። ዳያል ጌጅ የተባለውን መለኪያ በጠረጴዛው ጫፍ ላይ አሳርፉ። መዘውሩን ወደ አንድ ወገን አዙራችሁ ጠረጴዛው ሲንቀሳቀስ ቁሙ፤ ከዚያ ወደ ኋላ መልሱ። ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ ድረስ መዘውሩ በባዶ የዞረው መጠን፣ በመሪው ብሎንና በዳዶው መካከል ያለው ልቅነት ነው። የኢንች መለኪያ ባለው ብሪጅፖርት መዘውሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ጠረጴዛው 0.200 ኢንች፣ ማለት 5.08 ሚሊሜትር ይሄዳልና ልቅነቱ ከመዘውሩ ቀለበት ላይ ይነበባል። ይህን ሙከራ በመካከልም በሁለቱም ጫፍ ድገሙት። ልቅነቱ በሁሉም ቦታ እኩል ከሆነ የተበላው ዳዶው ነው፤ ዳዶው ብዙውን ጊዜ ከነሐስ የሚሠራው፣ ርካሹ ተበልቶ ውዱ ብሎን እንዲተርፍ ነው። ልቅነቱ በመካከል በዝቶ በጫፍ ካነሰ ግን የተበላው ብሎኑ ራሱ ነው፤ ሥራ ሁሉ የሚሠራው በመካከል ነውና።

ሐዲዱም እንዲሁ ይመረመራል። ጠረጴዛው እንዳይወዛወዝ የሚይዘው ረጅም ሽብልቅ አለ። ሽብልቁን በመካከል ላይ ልክ አድርጋችሁ ብታጠብቁትና ጠረጴዛው ወደ ጫፍ ሲሄድ ቢይዝ፣ ሐዲዱ በመካከል ተበልቷል ማለት ነው። እንግዲህ ፍርዱ የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ነው። ዓምዱ የተሰነጠቀ፣ ወይም የጎደሉት ክፍሎች ዋጋ ከማሽኑ ዋጋ የሚበልጥ ከሆነ፣ እንዲህ ያለውን ለክፍሎቹ ብሎ መፍታት ይሻላል። ሳይመረመር ግን ሞቷል አይባልም።

ቀጥሎ የሥራውን ተራ ልንገራችሁ።

አንደኛ፤ ማሽኑን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ክብደቱን ዕወቁ። ብሪጅፖርት አንድ ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ክብደቱም ወደ ላይ ያደላል። ስለዚህ ጠረጴዛውን የሚሸከመውን ጉልበቱን ዝቅ ማድረግ፣ ራሱንም ወደ ታች ገልብጦ ማሰር ይገባል። ይህን ችላ ያለ ሰው ማሽኑንም እግሩንም ሊያጣ ይችላል።

ሁለተኛ፤ ከመፍታታችሁ በፊት በየደረጃው ፎቶግራፍ አንሡ፤ ብሎኑንና ዳዶውን በየከረጢቱ አድርጋችሁ ስሙን ጻፉበት። ዛሬ ፎቶግራፍ ማንሣት በሁላችሁ ኪስ ያለ ነገር ስለ ሆነ ምክንያት የለንም።

ሦስተኛ፤ እጠቡ። ለማጠቢያ ላምባ ይበቃል፤ ቤንዚን ግን ቶሎ እሳት ስለሚይዝ አይነካ። የተጋገረውን በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ አንሡት። የአየር ግፊት አትጠቀሙ፤ የብረት ፍርፋሪውን እየነዳ ወደ ሐዲዱና ወደ ኩሽኔታው ያስገባዋልና። የአሮጌ ማሽን ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ደረቁን ፈግፍጋችሁ አቧራውን አትማጉ፤ አርጥባችሁ ፋቁት።

አራተኛ፤ ዝገቱን አውጡ። በተራ ቦታ ላይ የናስ ብሩሽና ዘይት ያገለግላሉ። በሐዲዱ ላይ ግን የብርጭቆ ወረቀት ማስኬድ ክልክል ነው፤ ዝገትን ብቻ ሳይሆን ልክንም ይበላል፤ ከወረቀቱ የሚረግፈውም አሸዋ ቀርቶ ሲፈጭ ይኖራል። በዘይት ካራሳችሁት በኋላ ምላጭ በአግድም ይዛችሁ ብትገፉ ዝገቱ ተላጦ ይነሣል። ተነቃይ የሆኑትን የብረት ክፍሎች በኤሌክትሪክ ማጽዳት ይቻላል፤ በውሃ ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ ይሟሟል፤ የዛገው ክፍል ከባትሪ መሙያው ነጌቲቭ፣ ሌላ ቁራጭ ብረት ከፖዘቲቩ ጋራ ይያያዛል። በዚህ ጊዜ ሃይድሮጅን ስለሚወጣ ሥራው ነፋስ ባለበት ስፍራ ይሁን፤ በፖዘቲቩም በኩል የማይዝግ ብረት ከቶ አይግባ፤ ከውስጡ መርዛም ክሮምየም ይወጣልና።

አምስተኛ፤ የዘይቱን መንገድ ክፈቱ። ብዙ ፍሬዛ የሚሞተው ከሥራ ብዛት ሳይሆን ከጥማት ነው። አንዳንድ ሠራተኛ በዘይት ቀዳዳ ግራሶ ይጨምርበታል፤ ግራሶውም ይደርቅና ቀጭኑን ቧንቧ ይደፍናል። ከዚያ በኋላ ከላይ ዘይት ቢጨመርም ሐዲዱ አይደርሰውም። እያንዳንዱን ቧንቧ ፈትታችሁ ዘይቱ ከሌላው ጫፍ ሲወጣ በዓይናችሁ ካላያችሁ፣ ደርሷል ብላችሁ አትመኑ።

ስድስተኛ፤ የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ነው። እርጥበት ውስጥ የቆየ ሞተር፣ የሽቦው ሽፋን መዳኑ በባለሙያ ሳይለካ ኃይል አይሰጠውም። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን የተሠራው ለ60 ሄርዝ ሲሆን የአገራችን መብራት 50 ሄርዝ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ሞተሩን አውጥቶ ይጥላል። እስቲ እናስላ። ለ460 ቮልትና ለ60 ሄርዝ የተሠራ ሞተር፣ ቮልቱ ለሄርዙ ሲካፈል 7.67 ይሆናል፤ የኛ የሦስት ፌዝ መስመር 380 ቮልት ለ50 ሲካፈል ደግሞ 7.6 ነው። ሁለቱ አንድ ያህል ናቸው። ስለዚህ ሞተሩ በከፍተኛው ቮልት አኳኋን ከተያያዘ፣ ፍጥነቱና ጉልበቱ ወደ አምስት ስድስተኛው፣ ማለትም ከስድስት እጅ ወደ አምስቱ ዝቅ ይበል እንጂ ያለ ችግር ይሠራል። እነሆ፣ በክፍል ውስጥ የተማርነው አንድ ማካፈል አንድ ሞተር አዳነ።

በመጨረሻ፣ ሁሉ ተገጥሞ ሲያበቃ፣ ዳያል ጌጁ በሚሽከረከረው ዘንግ ላይ ይታሰርና በጠረጴዛው ላይ ክብ እየዞረ ይለካል። በአራቱም ማዕዘን ንባቡ አንድ እስኪሆን ድረስ የማሽኑ ራስ ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ ነው ስለቱ ብረት የሚነካው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚከብደውን ጥያቄ ላንሣ። ሐዲዱ በእርግጥ ተበልቶ ቢገኝስ? «ሐዲዱን ለማቅናት ከርሱ የበለጠ ትክክለኛ ማሽን ያስፈልጋል፤ ያ ማሽን ደግሞ የለንም» የሚል አለ። ይህ አስተሳሰብ ትክክል ቢሆን ኖሮ በዓለም ላይ የመጀመሪያው ትክክለኛ ማሽን ከቶ ባልተሠራ ነበር። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1840 እ.ኤ.አ. በግላስጎ ከተማ ለሳይንስ ሰዎች ጉባኤ ያስረዳው ዘዴ ለዚህ መልስ ነው። ሦስት የብረት ሰሌዳ ይወሰዳል። አንዱ በቀለም ተቀብቶ በሌላው ላይ ሲያርፍ ቀለሙ የነካው ቦታ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ ያ ቦታ በእጅ መፋቂያ በጥቂቱ ይፋቃል። ሁለት ሰሌዳ ብቻ ቢሆን አንዱ ጎባጣ፣ ሌላው ጎድጓዳ ሆነው ሊገጥሙ ይችላሉ። ሦስቱ እየተቀያየሩ እርስ በርሳቸው ሁሉ የሚገጥሙት ግን፣ ሦስቱም ልክ ሲሆኑ ብቻ ነው። ከቀለም፣ ከመፋቂያና ከማሰብ በቀር ሌላ ነገር አልተጨመረም።

እንግዲህ ትክክለኛነት ከማሽን ወደ ማሽን ብቻ የሚወረስ አይደለም፤ ምንጩ የሰው እጅና የሰው አሳብ ነው። የተበላ ሐዲድም እስከ ዛሬ የሚቀናው በዚሁ መንገድ፣ በቀለምና በመፋቂያ ነው። ሥራው ሳምንታት ይፈጃል፤ ግን ከኛ ዐቅም በላይ አይደለም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ይህ ሁሉ ለምን አይሠራም? የገንዘብ እጥረት ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ከኛ ዘንድ አንድ የቆየ በሽታ አለ። አያቶቻችን ብረት የሚሠራውን ሰው ማረሻውን ከእጁ እየተቀበሉ፣ ቡዳ እያሉ ይሸሹት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። ስድቡ በአዋጅ ተከለከለ፤ ንቀቱ ግን መልኩን ለውጦ ከኛም ጋራ ትምህርት ቤት ገባ። መሐንዲስ ሥዕሉን ይስላል፣ እጁን የሚያቆሽሸው ሌላ ሰው ነው የሚለው አስተያየት የዚያው የቀድሞው ንቀት ልጅ ነው። ማሽኑን የሚያዛግው እርጥበቱ ነው፤ ዝገቱን የሚያቆየው ግን ይህ አስተያየት ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው አሳብ አጭር ነው። ከትምህርት ቤት መጋዘን ወይም ከአንድ ወርክሾፕ ጥግ፣ ሊጣል የተዘጋጀ አንድ ፍሬዛ ባለቤቱን አስፈቅደን እንረከብ። ዐሥር ተማሪዎች፣ ከነርሱም ጋራ አንድ የሠለጠነ የወርክሾፕ ባለሙያ ይመደቡ፤ ባለሙያውም እንደ ተላላኪ ሳይሆን እንደ መምህር ይከበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይሠራ። የተለካው ልክ፣ የተፈታው ክፍል፣ የወጣው ወጪ ሁሉ በአንድ መዝገብ ይጻፍ፤ ከኛ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ከመጀመሪያው እንዳይነሣ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላልና፣ አንድ ቶን ብረት ለዐሥር ሰው አይከብድም።

አዲስ ማሽን አይገዛ አላልሁም፤ ይገዛ። ነገር ግን አሮጌውን ማንሣት ያልቻለ እጅ፣ አዲሱንም በዐሥር ዓመት ውስጥ አሮጌ ያደርገዋል። አሳቤ ተቀባይነት ቢያገኝ፣ በሚመጣው ቅዳሜ ላምባውንና ብሩሹን ይዤ ለመምጣት ዝግጁ ነኝ። ከኔ ጋራ የሚመጣው ማነው?